መንዝ፣ የአሞራ ሙቀጫ ድረስ

ከመንዝ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ብርዱ ነው። ብርዱማ ብርድ ነው፤ ምን ይወራለታል! እኔ ማውራት የምፈልገው ስለ አሞራ ነው። አሞራ ስል ደግሞ ሰዉ ፊቱን ያጨማድዳል፤ አልፈርድበትም። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ቄራ አጠገብ ነው። ከማረጃው ግቢ ጠግበው የሚነሱት ጥንብ አንሳዎች መጥተው የሚያርፉት እኔው ቆርቆሮ ላይ ነው። በጠዋት ጣሪያውን በጥፍራቸው ሲቧጥጡት ጥርሴን ያንቀጫቅጨኛል። መጥረጊያዬን ገልብጬ በእንጨቱ ኮርኒሱን እደበድባለሁ፤ «ሂዱ ወዲያ! ሌላ ቤት አጣችሁ?» እላለሁ። ይህን የምነግራችሁ የአሞራ ወዳጅ ሆኜ ከቤቴ እንዳልወጣሁ እንድታውቁልኝ ነው።

ያስነሳኝ ስልክ ነው። የደወለው ጌታሁን የሚባል የአጎቴ ጎረቤት ነው፤ መንደሩ መብራት ሲገባለት ወፍጮ የተከለ ሰው። «አጎትሽ ለአሞራ መቃብር መቆፈር ጀመሩ፤ ዝም አልን። አሁን ግን የገብስ ማሳዬን ለአሞራ እሰጣለሁ እያሉ ነው። ሰው ካላችሁ ድረሱላቸው» አለኝ። አጎቴ አባባ ደምሴ የሟች አባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከባለቤታቸው ከእማማ ዘነበች ጋር ብቻቸውን ይኖራሉ። የሚበሉት ከሁለት ማሳ ነው፤ እሰጣለሁ ያሉት ደግሞ ደህነኛውን። ቤተሰብ ተሰበሰበና «አንቺ ሂጂና ተናገሪያቸው፤ ምላስ አለሽ» ተባልኩ። ያሞግሱኝ ይሁን ይስደቡኝ አልገባኝም። ሱቄን ለእህቴ አስረክቤ ተነሳሁ።

በመጀመሪያው ቀን ደብረ ብርሃን የማደር ሐሳብ አልነበረኝም። በማለዳ ተነስቼ በዚያው ቀን መሐል ሜዳ እገባለሁ ብዬ ነበር። ሸኖን አልፈን ትንሽ እንደሄድን የአውቶቡሱ ጎማ ፈነዳ፤ ትርፍ ነው ተብሎ የወረደው ጎማም ንፋስ የለውም። ሹፌሩ በእግሩ መታ መታ አደረገውና ወደ ሰማይ አየ። እኛም ወርደን አብረነው ወደ ሰማይ አየን። ሌላ ጎማ እስኪመጣ ሜዳ ላይ ተኮልኩለን ተቀመጥን። የዚያ አገር ንፋስ ልብስ አያውቅም። አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት በሶ በኩባያ በጥብጠው «እንኪ ጠጪ ልጄ፣ ከንፈርሽ ጠቁሯል» አሉኝ። እኛ ሰፈር ታክሲ ውስጥ አጠገብሽ የተቀመጠ ሰው ቦርሳሽን ያያል እንጂ ከንፈርሽን አያይም።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ የመሐል ሜዳ መኪና ሄዷል። ያደርኩበት ቤት ባለቤት «ሙቅ ውሃ አለ» ብላኝ ነበር፤ ቧንቧውን ስከፍተው አንዴ አስነጠሰና ጸጥ አለ። ብነግራት «ጠዋት ነበረ» አለች፣ ምንም ሳታፍር። ተናድጄ ልተኛ ስል ግን በሩን አንኳኩታ የራሷን ጋቢ ደርባልኝ ሄደች። እሷ ምን ለብሳ እንዳደረች እንጃ።

በማግስቱ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ቀኝ ያዝ! ግራ ያዝ!» እያለ ነው ሹፌሩን የመራው። አስፋልቱን ትተን ወደ ጠጠሩ ስንገባ አንጀቴ ሁሉ ተላወሰ። ሞላሌን ካለፍን በኋላ ጉሙ ተገፈፈና መንዝን አየሁት። ሜዳ፣ ገብስ፣ የድንጋይ ካብ፣ በግ። ከየጓሮው ባሕር ዛፍ በቀር ቀና ብሎ የቆመ ነገር የለም፤ ያለው የመብራት እንጨት ብቻ ነው። ጊዜው ገጠሩ ሁሉ መብራት ያግኝ የሚባልበት፣ ገበሬው አንድ ለአምስት ተደራጅ የሚባልበት ጊዜ ነበርና እንጨቱ ዓይን እስከሚደርስ ተተክሏል።

አንዱ እንጨት ላይ ጥቁር ጨርቅ የተሰቀለ መሰለኝ። ስንቀርብ ለካ ክንፍ ነው። ትልቅ አሞራ፣ አንድ እግሩ ላይ ተይዞ ቁልቁል ተንጠልጥሏል፤ ንፋሱ ያወዛውዘዋል። «ወይ ጉድ!» አልኩ ጮክ ብዬ። አጠገቤ ያሉት ሰውዬ ዞር ብለውም አላዩት። «ባለፈው ሳምንትም ነበረ እኮ» አሉ። ረዳቱ «ጥብስ በነጻ!» ብሎ ሳቀ፤ ጥቂቶች አብረውት ሳቁ። እኔ ግን አሞራ የምጠላው ሴትዮ አንገቴን አዙሬ እስኪጠፋኝ አየሁት። ከቆርቆሮዬ ላይ ይሂዱልኝ አልኩ እንጂ እንዲህ ይሁኑ አላልኩም።

መሐል ሜዳ ስወርድ የጫማዬ ሶል ተላቀቀ። የአዲስ አበባ ጫማ ለመንዝ ድንጋይ አልተሠራም። ኮንጎ ጫማ ገዝቼ እዚያው አጠለቅኩ፤ ሻጩ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ይኸው፣ አሁን ሰው ሆንሽ» አለኝ። ከተማው ጨልሟል፤ መብራት የለም። ያረፍኩበት ምግብ ቤት ባለቤት እትዬ ብርቄ በከሰል ሽሮ እያንተከተኩ አሞራን ይረግማሉ። «አሞራ ነው ያጠፋብን! አሁንም አሁንም! እንዲያው ዘሩ ይጥፋ!»

«ዘሩማ እየጠፋልዎት ነው እትዬ» አለ ጥግ ላይ ከጓደኛው ጋር የሚበላ የመብራት ሠራተኛ። «አንዱን ሽቦ ብቻ ቢነካ ምንም አይሆንም። ክንፉ ሰፊ ነው፤ ሁለቱን አንዴ ሲነካ ነው የሚያልቀው።»

«ታዲያ ለምን አራርቃችሁ አትዘረጉትም?» አልኩት።

«እኛ በታዘዝነው ልክ ነው የምንዘረጋው» አለና ወደ ሽሮው ተመለሰ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው። ሽቦ የዘረጋው ሰው፣ የሚረገመው አሞራ። እትዬ ብርቄ ግን ክፉ ሰው አይደሉም። አልጋ ሁሉ ተይዞ ስለነበር ከራሳቸው ጋር አስተኝተውኛል፤ ብርድ እንዳያገኘኝ ወደ ግድግዳው በኩል አደረጉኝ።

በሦስተኛው ቀን ጌታሁን መጥቶ ወሰደኝ። ለወፍጮው ቺንጋ፣ ያን የጎማ ቀበቶ፣ ሊገዛ ነበር የመጣው። ሻንጣዬን አንዲት አህያ ላይ ጭኖ ከኋላዋ ተከተልናት። አህያዋ አርጅታለች፤ ዳገት ላይ እየቆመች ታስላለች፤ እሱም ሳይመታት አብሯት ይቆማል። «ወፍጮውን የተከለችው እሷ ናት። ከዚህ በፊት የመንደሩን እህል ሁሉ ተሸክማ ስታስፈጭ ኖራለች» አለኝ። እኔ ትንፋሼ አልቆ ከአህያዋ ጋር ስቆም ነገሩን ሁሉ አጫወተኝ።

የመብራት መስመር ይለፍ በተባለ ጊዜ መንደሩ ተጣልቶ ነበር። በእኔ ማሳ አያልፍም፣ በግጦሹ አያልፍም፣ በቤተ ክርስቲያኑም አያልፍም። ዱላ ሊማዘዙ ሲሉ አባባ ደምሴ በሽማግሌነት ገቡና «በበክት መጣያው በኩል ይለፍ፤ እሱ የማንም አይደለም» አሉ። በክት መጣያ ማለት ገደሉ አፋፍ ላይ የሞተ እንስሳ የሚጣልበት ቦታ ነው። ሁሉም ተስማማ፤ በግ ታርዶ አባባ ተመረቁ። አሞራ ከሰማይ ወርዶ የሚበላው ግን እዚያው ነው። ይህን አንድም ሰው አላሰበም።

«ድሮ ጠዋት የተጣለ አህያ ማታ አጥንቱ ብቻ ነበር የሚቀረው» አለ ጌታሁን። «አሁን ሳምንት ሙሉ ይሸታል። ውሻው ሁሉ እዚያ ሄዶ አውሬ ሆነ። አሞራ በተሰካ ቁጥር ደግሞ ወፍጮዬ ይቆማል።»

ቤት ስንደርስ እማማ ዘነበች ብቻቸውን ናቸው። አገላብጠው ሳሙኝና «አጎትሽ እዚያው ናቸው» ብለው በእጃቸው ወደ ገደሉ አመለከቱ። መንደሩን አቋርጬ ሄድኩ። አፋፉ ላይ ሰፊ፣ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ አለ፤ ዙሪያውን የአጥንት ስብርባሪ ነጭ አድርጎታል። ሰዎቹ «የአሞራ ሙቀጫ» ይሉታል። ከላዩ ላይ፣ ብዙም ሳይርቅ፣ ሽቦዎቹ ተዘርግተዋል። አባባ ከድንጋዩ አለፍ ብለው ጎንበስ ብለው ይቆፍራሉ።

«መጣሽ?» አሉኝ፤ ቀና አላሉም።

«አባባ፣ ምን እየሠሩ ነው?»

«ታያለሽ። እየቀበርኩ።»

«አሞራ ይቀበራል እንዴ?»

«የኛን በክት ሲያነሳ የኖረ፣ እሱ በክት ሆኖ ይጣል?»

 እግራቸው ስር የተጋደመው አሞራ እንደኛ ሰፈሮቹ ራሰ በራ አይደለም። ደረቱ የተቀባ ይመስል ቀይ ነው፤ አገጩ ላይ ጢም አለው። አንዱ ክንፉ ጫፉ ላይ ተቃጥሏል። ይሄኛው ሥጋ ሳይሆን አጥንት ነው የሚበላው አሉኝ። አጥንቱን ይዞ ሽቅብ ይወጣል፣ ድንጋዩ ላይ ይለቀዋል፣ ሲሰበር ወርዶ መቅኑን ይበላል። አያት ቅድመ አያቱ ሲያደርጉት በኖሩበት በዚያችው ድንጋይ ላይ ነው፤ ሌላ ድንጋይ አይሻም። «ከልጅነቴ ጀምሮ ጠዋት የምነቃው በዚህ ድንጋይ ድምፅ ነው። ቋ! ይላል። አባትሽም የሚነቃው በዚሁ ነበር። ይሄ ወንዱ ይመስለኛል፤ ሴቷ ብቻዋን ቀርታለች» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሽቦውን በዚህ አሳልፉት ያልኩት እኔ ነኝ» አሉኝ።

ማታ የገብስ ቂጣ በተልባ እየበላን ተናገርኳቸው። ለዚሁ አይደል የተላክሁት! «አባባ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን። ማሳውን በክት መጣያ ካደረጉት ምን ሊበሉ ነው? እማማስ?» አልኩ።

«እዚያ ሽቦ የለም» አሉ። «በክቱ ወደዚያ ከሄደ አሞራውም ወደዚያ ይሄዳል። እኛ ከአንዱ ማሳ እንበላለን፤ ትንሽ እንበላለን።» እማማ ዘነበች ወደ እሳቱ ዞረው እንጨት ጨመሩ። ነገሩን ለማስቀየር ስለ ቆርቆሮዬ አሞራዎች አጫወትኳቸው፤ መጥረጊያ ይዤ እንደማባርር ጭምር። እማማ እስኪያነቡ ሳቁ። አባባ ግን አልሳቁም። «ጣሪያሽ ላይ? ብዙ ሆነው? ሳይሞቱ?» እያሉ ደጋግመው ጠየቁኝ። ሲመሽ እማማ ከበግ ጸጉር የተሠራ ከባድ ባና ጫኑብኝ፤ መገላበጥ እንኳ አልቻልኩም፤ እንደዚያ ሞቆኝ ግን አድሬ አላውቅም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰንበቴው ማኅበር ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ስር ተቀመጠ። ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ሲዞር አባባ ተነስተው ለመኑ። ከዛሬ ጀምሮ የሞተ እንስሳ ያለው ሰው ወደ እኔ ማሳ ይጎትት አሉ። ማጉረምረም ሆነ። አንዱ «አባ ደምሴ፣ በክት እየጎተትን ምንጭ እንሻገር?» አለ። ሌላው «ሽቦው ከቆመ ስንት ጊዜው! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የኛ ነገር» አለ። እኔም አላስቻለኝም፤ እንግዳም ሴትም ብሆን ተነስቼ «አጎቴ ምን ይብሉ? እናንተ ትሰፍሩላቸዋላችሁ?» አልኩ። ሰዉ ሁሉ አቀርቅሮ ጠላውን አየ።

አባባ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ያኔ ሽቦው የማንም ባልሆነው ላይ ይለፍ ብዬ ፈረድኩ። የማንም ያልሆነ ያልኩት ለካ የነሱ ነበር። አሁን ከራሴ ልስጥ» አሉ።  ቄሱ «ይሁን፤ እግዚአብሔር ያሰብከውን ይፈጽምልህ» ብለው ባረኩ። ምላስ አለሽ ተብዬ የተላክሁት ሴትዮ ምላሴን ይዤ ቁጭ አልኩ።

የመጀመሪያው በክት የጌታሁን አህያ ሆነች። ማክሰኞ ጠዋት በረት ውስጥ ሞታ ተገኘች። ጌታሁን ፊቱን ታጥቦ መጣ፣ ዓይኑ ግን ቀልቷል። «ወደ ማሳዎ ልውሰዳት አባባ» አለ። በበሬ አስጎትቶ ምንጩን አሻገራት። ገብሱ ገና አረንጓዴ ነበር፤ በተጎተተችበት መንገድ እየተኛ ቀረ። እማማ ዘነበች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ቤት ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው። አባባና እኔ የማሳው ካብ ስር በባና ተጠቅልለን ተቀመጥን። ረቡዕ ጉም ነበር፤ ቁራ ብቻ መጣ። ማታ ጅብ ሲጮህ አደረ። ሐሙስ ሄደን ስናይ ሥጋው አልቋል፤ የቀረው አጥንት ነው። «ጥሩ ነው» አሉ አባባ፣ «አጥንቱ የእሷ ድርሻ ነው።» እኔ ብርዱ ጉልበቴን ጨርሶታል፤ ወደ ቤት እንሂድ እያልኩ ነዘነዝኳቸው። እሳቸው ሰማዩን እያዩ «ትንሽ ቆዪ» ብቻ ነው መልሳቸው። እውነቱን ልናገር፣ ያኔ እኔም እንድትመጣ እየለመንኩ ነበር። ካልመጣች ማሳውም አሞራውም ቀረ ማለት ነው።

መጣች። ጉሙ ሲገለጥ ከገደሉ ስር ወጣች፤ ጥላዋ በገብሱ ላይ አለፈ። አንዴ ዞረች፣ ሁለቴ ዞረች፣ ከዚያ ከማሳው መካከል ዝቅ ብላ ወረደች። አባባ ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ። ደረቷ ልክ እንደዚያኛው ቀይ ነው። አጥንቶቹን ገላለጠች፣ አንዱን መረጠች፣ ይዛ ተነሳች። «ተመስገን! በላች እኮ!» ብዬ ዘለልኩ።

አባባ ግን ክንዴን ለቀቁኝ። «ወዴት ነው የምትሄደው?» አሉ።

ምንጩን ተሻግራ ሄደች። ከሙቀጫው በላይ ከፍ ከፍ አለችና አጥንቱን ለቀቀችው። ቋ! አለ። ድምፁ እኛ ድረስ መጣ። የአባባ ፊት፣ አምላክ ምስክሬ ነው፣ ለአንዲት ቅጽበት በራ፤ ያንን ድምፅ ከሰሙ ቆይተዋል። እሷ አጥንቷን ልታነሳ እየዞረች ወረደች። ሽቦው ጋ ስትደርስ ጧ የሚል ድምፅና ሰማያዊ ብልጭታ ሆነ። ከመንደሩ በኩል ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ የዋለው ወፍጮ ጸጥ አለ።

አባባ አልጮሁም። «የምትበላበትን አዛወርኩ። ሙቀጫዋን ማን ያዛውርላት?» አሉ፤ ሁለቴ ደገሙት። እኔ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ድንጋዩ ጋ ስንደርስ ጌታሁን ዱቄት በዱቄት እንደሆነ ከወፍጮው መጥቷል። ምን እንደሆነ አልጠየቀም። ዶማውን ከአባባ እጅ ተቀብሎ ከወንዱ ጎን መቆፈር ጀመረ።

በማግስቱ ተሰናበትኳቸው። እማማ ባናውን ጠቅልለው ካልወሰድሽ ብለው ማሉብኝ። «አባባ፣ እንግዲህ ማሳውን ያርሱት» አልኳቸው። «ይቆይ፤ ሌላ ቢመጣስ?» አሉኝ። ጌታሁን ሻንጣዬን በጀርባው ተሸክሞ መሐል ሜዳ ድረስ ሸኘኝ።

ቤቴ ከገባሁ በኋላ አንድ ጠዋት እነዚያ ቆርቆሮዬን መቧጠጥ ጀመሩ። በልማዴ መጥረጊያውን አነሳሁ፤ ስልኬ ጮኸ። አባባ ናቸው፣ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ወጥተው። የሁላችንንም ደህንነት ጠየቁ። ከዚያ «ምንድነው እሱ የሚንኳኳው?» አሉኝ።

«እነሱ ናቸው አባባ። ላባርራቸው ነው፣ አንዴ ይጠብቁኝ።»

«ተይ፣ ተይ። ስልኩን ወደ ላይ አድርጊልኝ።»

ወንበር ላይ ወጥቼ ስልኩን ኮርኒሱ ላይ ለጠፍኩት። ክንዴ እስኪዝል ያዝኩላቸው። መልሼ ጆሮዬ ላይ ሳደርገው የሚሰማው የመንዝ ንፋስ ብቻ ነው፤ የተቋረጠ መሰለኝ።

«አባባ? አሉ? ወንበር ላይ ነኝ፣ ልውረድ?»

«አለሁ» አሉኝ። «ገና አትውረጂ።»